ነፋስ የገፈፈው ቆርቆሮና የመድኑ ወረቀት

ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አውራ መንገድ ዳር በምትገኝ አንዲት ትንሽ የገጠር ከተማ የወፍጮ ድምፅ ከማለዳ እስከ ምሽት አይጠፋም። በገበያ ቀን ደግሞ ጤፉን፣ በቆሎውንና ስንዴውን በአህያ ጭኖ፣ በትከሻውም ተሸክሞ ከየቀበሌው የሚመጣው ገበሬ በወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ተሰልፎ ተራውን ይጠብቃል። በ2010 ዓ.ም. ግንቦት ወር አጋማሽ ላይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ ይህ ድምፅ በድንገት ቆመ።

ዕለቱ ከጠዋት ጀምሮ ሲያቃጥል የዋለ ነበር። ከቀትር በኋላ ደመናው ተቆለለ፤ ነፋሱ አቧራውን አስቀድሞ መጣ፤ በረዶ ተከተለ፤ ከዚያም ዶፉ ወረደ። ይህ ሁሉ ከሩብ ሰዓት አልበለጠም። ነገሩ ሲያባራ ግን ከወፍጮ ቤቱና ከእርሱ ጋር ተያይዞ ከተሠራው መኖሪያ ቤት ላይ 31 ቆርቆሮ ተገፎ፣ ከፊሉ ከመንገዱ ማዶ ባሕር ዛፍ ሥር፣ ከፊሉ ከጎረቤት ማሳ ውስጥ ተበትኖ ተገኘ።

በግንቦትና በሰኔ መግቢያ በደጋውና በወይና ደጋው አገራችን የሚደርሰው እንዲህ ያለው ነፋስ አመጣጡ የታወቀ ነው። በፀሐይ የጋለው አየር ወደ ላይ ወጥቶ ደመና ይሆናል። ዝናቡና በረዶው ሲወርድ ቀዝቃዛ አየር ይዞ ወደ ምድር ይወድቃል፤ ያም አየር መሬት ሲነካ ወደ ጎን ይነጉዳል። ከዝናቡ ቀድሞ መጥቶ በር የሚያላትመው እርሱ ነው። የክረምቱ ዝናብ ከተደላደለ በኋላ የሚመጣው ነፋስ ይህን ያህል ጣራ ሲገፍ እምብዛም አይታይም።

የወፍጮ ቤቱ ባለቤት፣ ባላቸው ካረፉ ወዲህ አራት ልጆች በዚያው ወፍጮ ያሳደጉ ወይዘሮ ናቸው። የእርሳቸውም ሆነ የከተማዋ ስም እንዳይጠቀስ ስለጠየቁን ባለወፍጮዋ እያልን እንቀጥላለን። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ቤታቸው ተገኝተን ስናነጋግራቸው፣ ከሁሉ አስቀድመው የነገሩን በዚያን ዕለት ሰው አለመጎዳቱን ነው። ይህንንም በጋዜጣው ላይ አስቀድመን እንድንጽፍ አሳሰቡን። ጽፈናል።

ባለወፍጮዋ በዚያን ዕለት ያስጨነቃቸው የቆርቆሮው መሄድ ብቻ አልነበረም። ሞተሩን የገዙት በባንክ ብድር ነው። ብድሩ በየሦስት ወሩ ይከፈላል፤ ወፍጮው ካልሠራ የሚከፈል ገንዘብ የለም። ባንኩ ብድሩን ሲሰጥ ወፍጮ ቤቱ መድን እንዲገባ አስገድዷቸው ስለነበር፣ ሣጥናቸው ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ አንድ ወረቀት ነበራቸው። በየዓመቱ አረቦኑን ሲከፍሉ ደረሰኙን እየጨመሩበት ከማስቀመጥ በቀር አንብበውት አያውቁም፤ የሚያነብላቸውም አልጠየቁም። ብዙዎቻችንም ከዚህ የተሻለ አናደርግም።

“እንዳትነኪ” እና “አድኚ”

በዚያኑ ዕለት ማታ ሁለት ምክር መጣላቸው። አንደኛው ጎረቤት፣ ኢንሹራንሱ መጥቶ ሳያይ አንዲት ነገር እንዳይነኩ፣ ከነኩ ካሣው እንደሚቀርባቸው አጥብቆ ነገራቸው። የዕድሩ ዳኛ በበኩላቸው እህሉ ወደ ሰው ቤት ይግባ፣ ሞተሩም በሸራ ይሸፈን አሉ። ባለወፍጮዋ የመጀመሪያውን ምክር ተቀበሉ። ተራ ያልደረሰው የገበሬ እህል፣ በጠቅላላው 11 ኩንታል፣ ክዳን በሌለው ቤት ውስጥ ሁለት ሌሊት ዝናብ ወረደበት። በሦስተኛው ቀን ጆንያው ሲፈታ በቆሎው ጎንቁሎ፣ ጤፉ እንደ ሊጥ ተጋግሮ ተገኘ።

ይህ ስሕተት በገጠርም በከተማም በብዛት የሚፈጸም ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት። መድን ሰጪው ጉዳቱን በዓይኑ ማየት መፈለጉ እርግጥ ነው። ይሁንና በመድን ውሎች ውስጥ ተለምዶ የሚገኘው ግዴታ የዚህ ተቃራኒ ነው። ይኸውም ባለንብረቱ ጉዳቱ እንዳይባባስ የተቻለውን ማድረግ አለበት። ነፋሱ ቆርቆሮውን ሲወስድ ያደረሰው ጉዳት የነፋሱ ነው፤ ከዚያ በኋላ መሸፈን ሲቻል ባለመሸፈኑ የመጣው ጉዳት ግን ክርክር ያስነሣል። ስለዚህ ሸራ ማልበስ፣ እህሉን ማውጣት፣ የኤሌክትሪክ መስመሩን ማስቋረጥ፣ ሊወድቅ ያዘነበለውን ግድግዳ መደገፍ ካሣ አያስቀርም። ካሣ የሚያስቀረው ማስረጃውን ማጥፋት ነው።

ማስረጃ ስንል ደግሞ ትልቅ ነገር አይደለም። ዛሬ በየቤቱ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ስልክ አለ። ቤቱ ከአራቱም ማዕዘን፣ የተገፈፈው ጣራ ከውስጥ ወደ ላይ፣ የተበተነው ቆርቆሮ በወደቀበት ቦታ፣ የረጠበው ዕቃ እየተቆጠረ ይነሣ። ከዚያ በኋላ ዕቃው ቢነሣ ምንም አይደለም። የተሰበረው ወራጅ፣ የተጣመመው ቆርቆሮ፣ የተነቀለው ምስማር ግን ገማቹ እስኪመጣ ድረስ በአንድ ጥግ ተከምሮ ይጠበቅ።

በዚህ ረገድ ባለወፍጮዋ ለጥቂት ነው ያመለጡት። በማግስቱ አንድ ቆራሌ መጥቶ የተጨማደደውን ቆርቆሮ በሙሉ ሊገዛቸው ዋጋ ነግሯቸው ነበር። ገንዘቡ ለዕለቱ ወጪ ያስፈልጋቸው ስለነበር ሊሸጡለት ተስማምተው፣ ቆራሌው አህያ ሊያመጣ ሲሄድ ታላቂቱ ልጃቸው ደርሳ ከለከለቻቸው። ያ ክምር ቆርቆሮ ኋላ ምን እንዳደረገላቸው ወደፊት እንመለስበታለን።

ወረቀቱ ምን ይላል?

በሦስተኛው ቀን ደብረ ማርቆስ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚያስተምረው የእኅታቸው ልጅ ደረሰ። ወረቀቱን ከሣጥን አስወጥቶ አነበበ። በአራተኛው ቀን አክስቱን ይዞ ወደ መድን ድርጅቱ ቅርንጫፍ ሄደ፤ የቀበሌውን ደብዳቤም ይዘው ነበር።

መምህሩ መቸኮሉ ያለ ምክንያት አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ በአንቀጽ 670፣ አደጋ የደረሰበት ሰው አደጋውን እንዳወቀ፣ ቢዘገይ በ5 ቀን ውስጥ ለመድን ሰጪው እንዲያስታውቅ ያዛል፤ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ካልከለከለው በስተቀር። መንገድ በጎርፍ ቢቆረጥ፣ ሰውየው ራሱ ቆስሎ ቢተኛ ይህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። “ወረቀቱን ማን እንደያዘው አላወቅሁም ነበር” ማለት ግን ምክንያት አይሆንም። ማስታወቂያው በስልክም ቢሆን ይጀመር፤ ነገር ግን በጽሑፍ ገብቶ፣ ቅጂው ላይ የተቀበለው ክፍል ፊርማና ማኅተም ቢያኖርበት ኋላ ከጭቅጭቅ ያድናል። በዚያው ሕግ አንቀጽ 674 መሠረት በመድን ውል ላይ የተመሠረተ ክስ በ2 ዓመት ይርጋ ይታገዳል። ስለዚህ “ዛሬ ነገ” እየተባለ የሚጓተት ጉዳይ ያለው ሰው ቀኑን መቁጠር ይገባዋል።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንመለስ። በአገራችን ለቤት የሚሸጠው የመድን ውል በተለምዶ “የእሳት ኢንሹራንስ” ይባላል። ስሙም እንደሚናገረው መሠረቱ እሳትና መብረቅ ነው። ዐውሎ ነፋስ፣ ጎርፍ፣ የመሬት መንቀጥቀጥና የመሳሰሉት የሚሸፈኑት በተጨማሪ አረቦን፣ በተጨማሪ ጽሑፍ ሲገቡ ነው። ይህ ተጨማሪ ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ ከዋናው ውል ኋላ የምትያያዝ አንዲት ቅጠል ናት። የባለወፍጮዋ ውል ይህችን ቅጠል ይዞ ተገኘ። እርሳቸው አውቀው የጠየቁት አልነበረም፤ ባንኩ ለብድሩ ሲል ያስገባው ነው።

ከመንገዱ ማዶ የእህል መጋዘን ያለው ነጋዴ ግን ዕድል አልቀናውም። እርሱም በዚያው ነፋስ ግማሽ ጣራውን አጥቷል፤ እርሱም አረቦን በየዓመቱ ከፍሏል፤ ወረቀቱም መልኩ አንድ ነው። ቅጠሏ ግን የለችም። ውሉን ሲገባ ርካሹን መርጦ ነበር። ካሣ አላገኘም፤ የሚከራከርበትም ነገር አልነበረውም።

ደግሞም የባለወፍጮዋ ወረቀት ሁሉንም አልሸፈነም። በንብረት ዝርዝሩ ላይ የተጻፈው “አንድ የወፍጮ ቤትና አንድ የወፍጮ ሞተር ከነመፍጫው” የሚል ነው። መኖሪያ ቤቱ ከወፍጮ ቤቱ ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘና በአንድ ክዳን ሥር ያለ ቢሆንም በዝርዝሩ ላይ አልሰፈረም። የገበሬዎቹ እህልም እንዲሁ። ለማስፈጨት የመጣ እህል የባለወፍጮዋ ንብረት አይደለም፤ የሌላ ሰው ንብረት በአደራ መያዙ ካልተነገረና ካልተጻፈ ደግሞ መድኑ አያውቀውም። ከ31 ቆርቆሮ ውስጥ ወረቀቱ የሚያውቀው 19ኙን ብቻ ሆነ ማለት ነው።

ምስጡ ወይስ ነፋሱ?

ገማቹ ከሁለት ሳምንት በኋላ መጣ። ሜትርና የማስታወሻ ደብተር ይዞ፣ መሰላል አስደግፎ ወጣና አየ። ባለወፍጮዋ እንደነገሩን፣ በመጀመሪያ የተመለከተው የሄደውን ቆርቆሮ ሳይሆን የቀረውን እንጨት ነበር። ወራጁን በጩቤ ወጋ፤ ከማገሩ አንዱን ሰብሮ ውስጡን አየ፤ ምስጥ በልቶታል። ይህን በደብተሩ ላይ ሲጽፍ የባለወፍጮዋ ልብ ወረደ።

የገማቹ ጥያቄ ከሥራው የመጣ ነው። መድን የሚከፍለው ድንገት ለደረሰ አደጋ እንጂ ቀስ በቀስ ለሚመጣ እርጅና አይደለም። ዝገት የበላው ምስማር፣ ምስጥ የበላው ማገር፣ ለዓመታት ያልታደሰ ክዳን በራሱ ጊዜ ቢወድቅ ካሣ የለውም። ነፋስና እርጅና በአንድ ቤት ላይ ሲገናኙ ግን የትኛው ምን ያህል እንዳደረሰ መለየት ያስቸግራል፤ የካሣ ክርክር የሚበዛውም እዚህ ላይ ነው።

ቆራሌው ሊወስደው የነበረው ክምር የጠቀመው በዚህ ጊዜ ነው። ጣራውን በመጀመሪያ የመታው አናጢ ተጠርቶ መጣ። ከክምሩ ውስጥ ቆርቆሮዎቹን እያነሣ የምስማሩን ቀዳዳ አሳየ። ቀዳዳው ክብ ሆኖ የቀረ አልነበረም፤ ቆርቆሮው በምስማሩ ቆብ ላይ ተቀድዶ ወጥቷል። እንጨቱ በስብሶ ቢሆን ኖሮ ምስማሩ ከቆርቆሮው ጋር አብሮ በሄደ ነበር፤ ምስማሩ በማገሩ ላይ ቀርቶ ቆርቆሮው ከተቀደደ ግን እንጨቱ ይዞ ነበር ማለት ነው። ከዚያም ነፋሱ በዚያኑ ሰዓት የትምህርት ቤቱን አጥር መጣሉን፣ የነጋዴውን መጋዘን መግፈፉን የሚገልጸው የቀበሌ ደብዳቤ ቀረበ። ገማቹ ምስጥ የበላቸውን አራት ማገሮች ብቻ ከሒሳቡ አውጥቶ ሌላውን ተቀበለ። አናጢው ፊደል የቆጠረ ሰው አይደለም፤ የእርሱ ምስክርነት ግን ከብዙ ወረቀት የበለጠ ሠራ።

በዚህም ሒሳቡ አላበቃም። የንግድ ሕጉ በአንቀጽ 678 እንደሚለው የንብረት መድን የካሣ ውል ነው፤ ካሣውም ንብረቱ አደጋው በደረሰበት ቀን ከነበረው ዋጋ አይበልጥም። የ12 ዓመት ቆርቆሮ ሲሄድ የሚታሰበው የ12 ዓመት ቆርቆሮ ዋጋ እንጂ የአዲስ አይደለም፤ በአዲስ ዋጋ እንዲተካ በውሉ ላይ በተለይ ካልተጻፈ በስተቀር። መድን ማትረፊያ እንዳይሆን የተደረገ ነው። ባለወፍጮዋ ግን አሮጌ ቆርቆሮ የሚሸጥ ሱቅ የት አለ ብለው መጠየቃቸው አልቀረም። እኛም መልስ አልነበረንም።

ሌላው ተቀናሽ የመጣው ከግምቱ ማነስ ነው። ይህን በምሳሌ እንየው። አንድ ቤት 400 ሺሕ ብር የሚያወጣ ሆኖ ባለቤቱ አረቦን ለመቀነስ ብሎ በ300 ሺሕ ብር ቢያስመዘግበው፣ ለአራተኛው እጅ ራሱን መድን ሰጪ አደረገ ማለት ነው። ነፋስ 80 ሺሕ ብር የሚያወጣ ጉዳት ቢያደርስበት፣ ጉዳቱ ከ300 ሺሕ በታች ነውና ሙሉውን አገኛለሁ ብሎ ያስባል። የሚያገኘው ግን ሦስት አራተኛውን፣ 60 ሺሕ ብር ነው። በውሉ ላይ ባለንብረቱ ራሱ የሚሸከመው 5 ሺሕ ብር ተቀናሽ ቢኖር 55 ሺሕ ብር ይሆናል። ይህ ደንብ ዛሬ ከ2010 ዓ.ም. ይልቅ ይከብዳል። የቆርቆሮው፣ የሲሚንቶውና የምስማሩ ዋጋ ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ ስለጨመረ፣ ከዓመታት በፊት በተጻፈ ግምት እየታደሰ የሚሄድ ውል ቤቱን በከፊል ብቻ ነው የሚጠብቀው። ውሉ በሚታደስበት ቀን አረቦኑን ከፍሎ ከመመለስ በፊት ግምቱን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ገንዘቡ ከመድረሱ በፊት አንድ የመጨረሻ እንቅፋት ነበር። በውሉ ላይ የባንኩ ጥቅም ተመዝግቦ ስለነበር ካሣው ያለ ባንኩ ፈቃድ በእጃቸው ሊገባ አልቻለም። ባንኩ ገንዘቡ ለጥገና እንዲውል የፈቀደው የአናጢው የዋጋ ማቅረቢያ በጽሑፍ ከቀረበለት በኋላ ነው። በብድር ቤት የሠራ ወይም ማሽን የገዛ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ ከመመላለስ ይድናል። ባለወፍጮዋ ወደ ደብረ ማርቆስ አምስት ጊዜ ተመላልሰዋል።

ዕድሩ

እስከዚያ ድረስ ወፍጮው ሳይሠራ ቆሞ ነበር እንዴ? አልቆመም። ይህን የቻለው ደግሞ መድኑ አይደለም።

ነፋሱ በመጣ በሳምንቱ የዕድሩ ጥሩምባ ተነፋ። ዕድሩ ሲቋቋም ለቀብር ነው፤ እንደ ብዙዎቹ የአገራችን ዕድሮች ግን ከጊዜ በኋላ ቤት ለተቃጠለበትና ለፈረሰበት አባል ብድር እንዲሰጥ በደንቡ ላይ ጨምሮ ነበር። ነፋስ በደንቡ ውስጥ አልነበረም። ጉባኤው ተቀምጦ ጥቂት ከተከራከረ በኋላ፣ ቤት ክዳኑ ከሄደ ፈርሷል ብሎ ወሰነ። የመድን ድርጅት እንዲህ ያለ ትርጉም አይሰጥም። በሌላ በኩል የዕድሩ ሣጥን ትንሽ ናት፤ በዚያ ዕለት አሥር ቤት ተገፎ ቢሆን ኖሮ ለማንም አትበቃም ነበር። ነፋስና ጎርፍ ጎረቤታሞችን በአንድ ቀን ስለሚመታ፣ ጎረቤት ለጎረቤት ብቻውን መድን ሊሆነው አይችልም።

ዕድሩ ባበደረው ገንዘብ አዲስ ቆርቆሮ ተገዛ። ወጣቶቹ ደቦ ወጥተው፣ ሳይጣመም የቀረውንም መልሰው፣ በመጀመሪያ ወፍጮ ቤቱን ከደኑ። ገማቹ ገና ስላልመጣ፣ መምህሩ ለመድን ድርጅቱ አስታውቆ፣ ያላስከደኑትን አንድ ጎን ለማሳያ ትተውለታል። መኖሪያ ቤቱ እስከ ሐምሌ በሸራ ሥር ቆየ። እህላቸው የጠፋባቸውን ገበሬዎች ባለወፍጮዋ ከራሳቸው ጎተራና ከወፍጮው ገቢ ቀስ በቀስ ከፍለዋል። አንድ ሽማግሌ ብቻ፣ ዝናብ ከእግዚአብሔር ነው ብለው ሳይቀበሉ ቀሩ።

አናጢው ጣራውን ድጋሚ ሲመታ እንደ ፊተኛው አልመታም። ነፋስ ጣራን የሚጥለው ገፍቶ ብቻ አይደለም። በላዩ ሲያልፍ ወደ ላይ ይስበዋል፤ በበርና በመስኮት የገባው ደግሞ ከሥር ወደ ላይ ይገፋዋል። የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። አብዛኛው ቤት መገፈፍ የሚጀምረው ከዳርና ከጫፍ ነው፤ አንድ ቆርቆሮ ከዳር ከተነሣ ነፋሱ በእርሱ ሥር ይገባና ቀጣዩን ያነሣል። ስለዚህ በመካከል ምስማሩ ራቅ ራቅ ቢል እንኳ በዳር በዳሩ መጠጋጋት አለበት። ምስማሩ ባለ ቆብና ባለ ጎማ ሆኖ፣ በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ይመታል፤ ጫፉ በማገሩ ሥር ካለፈ ይታጠፋል። እርጥብ ባሕር ዛፍ ላይ የተመታ ምስማር እንጨቱ ሲደርቅ ስለሚላላ፣ እንጨቱ አስቀድሞ ቢደርቅ ይመረጣል፤ ካልሆነም ከዓመት በኋላ እንደገና መምታት ነው።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግን ከቆርቆሮው በታች ያለውን ነው። ቆርቆሮው በማገሩ ላይ ጸንቶ ማገሩና ወራጁ ከግድግዳው ጋር ካልታሰሩ፣ ነፋሱ ክዳኑን እንደ ባርኔጣ አንሥቶ ይወስደዋል። ወራጁ ከግድግዳው ቋሚ ጋር በወፍራም ሽቦ ወይም በላሜራ ሲታሰር ግን ነፋሱ የቤቱን ክብደት በሙሉ ማንሣት ይኖርበታል። በረንዳም ቢሆን ክዳኑ ከዋናው ክዳን ቢለይ ጥሩ ነው፤ በረንዳው ሲሄድ ዋናውን አይጎትተውም። አራት ፊት ያለው ክዳን ከሁለት ፊት ክዳን የተሻለ ነፋስ ይችላል። አያቶቻችን ክብ አድርገው ይሠሩት የነበረው የሣር ጎጆ ነፋስ ሲመጣ የሚይዘው ማዕዘን አልነበረውም፤ ቆርቆሮ ስናመጣ ቅርጹንም አብረን ቀየርን።

የገጠሩ ሕዝብ ለመድን እንግዳ ነው ቢባልም ነገሩ ጨርሶ አዲስ አይደለም። በ1967 ዓ.ም. በአገሪቱ የነበሩት 13 የመድን ኩባንያዎች ተወርሰው ኋላም የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ሲቋቋም፣ ከዚያም በ1986 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ የግል ኩባንያዎች እንደገና ሲፈቀዱ፣ ሥራው ግን ባመዛኙ በከተማና በተሽከርካሪ ላይ ቆይቷል። ለገበሬው በተለየ መንገድ ከተሞከሩት አንዱ በ2001 ዓ.ም. በትግራይ በአዲ ሓ የተጀመረው ነው። በዚያ 200 ያህል አባወራዎች የገቡበት መድን የሚከፍለው ማሳው በገማች ታይቶ ሳይሆን፣ በሳተላይት የተለካው ዝናብ ከተወሰነው መጠን ሲያንስ ነው። ደሀው ገበሬ አረቦኑን በጉልበቱ፣ በውኃና በአፈር ጥበቃ ሥራ ይከፍል ነበር። ምስጥ ነው ወይስ ነፋስ የሚል ክርክር በዚያ የለም። ለድርቅ የሚሆነው መላ ግን ለቤት ክዳን አይሆንም፤ ዝናብ ወረዳውን በሙሉ ሲነፍግ ነፋስ አንዱን ቤት ገፎ ቀጥሎ ያለውን ትቶት ያልፋል። ለክዳን እስካሁን ያለው መንገድ ያው ገማቹ፣ ያው መሰላሉ ነው።

ካሣው በነሐሴ መጨረሻ ወጣ። የዕድሩን ብድር ከፍሎ ጥቂት ተረፈው፤ መኖሪያ ቤቱን ለመክደን ግን አልበቃም፤ እርሱ በወፍጮው ገቢ ነው የተጠናቀቀው። የባንኩ ክፍያ አንድ ዙር ዘግይቶ በሁለተኛው ተስተካክሏል።

እኛ በደረስንበት ዕለት የመድኑ ውል የሚታደስበት ጊዜ ተቃርቦ ስለነበር መምህሩ ከደብረ ማርቆስ መጥቶ አክስቱ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ቅጹን ይሞላ ነበር። ባለወፍጮዋ ከውስጥ፣ በሞተሩ ድምፅ ላይ እየጮኹ ያስጽፉታል፤ ወፍጮ ቤት፣ ከእርሱ ጋር የተያያዘ መኖሪያ ቤት ሦስት ክፍል፣ በአደራ የሚቀመጥ የሰው እህል። ግምቱን ሲጠይቃቸው ዝም አሉ፤ ከዚያ አናጢውን ጥራልኝ አሉት። አናጢው መጥቶ ጣቱን እያጠፈ ቆርቆሮውን ከዳር እስከ ዳር ሲቆጥር ትተናቸው ወጣን።